አክተር አይሞትም

ከሲድኒ ተነሥቶ ሎስ አንጀለስ ሳይደርስ ደሴት ላይ የተከሰከሰው የኦሺያኒክ 815 አውሮፕላን ጉዳይ ለገጣፎ ላይ ገና አልተዘጋም። አሜሪካኖቹ ፋይሉን ከዘጉት ቆይተዋል። «ሎስት» የተባለው ሲሪየስ ፊልም በኤቢሲ ቴሌቪዥን የጀመረው በመስከረም 1997 ዓ.ም. ነበር፤ ስድስት ሲዝን ሄዶ ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. አበቃ። ያን ለት ማታ ወደ 13.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተቀምጦ አየው። ያለቀሰው አለቀሰ፣ የተሳደበው ተሳደበ፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ሌላ ፊልሙ ሄደ። እኛ ሰፈር ግን ሟች ተቀብሮ፣ ተዝካሩ ወጥቶ፣ ሙት ዓመቱ አልፎ፣ «ለመሆኑ መቼ ነው የሞተው?» የሚለው ክርክር ገና ትኩስ ነው።

ጥፋቱ የፊልም ማስጫኛው ሱቅ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ እርጅና የለም። አሥራ ምናምን ዓመት ያለፈው ፊልም ትናንት ከወጣው ጎን ተደርድሮ፣ ያው በጊጋ ሒሳብ ይሸጣል። ጫኙ ልጅ ደንበኛውን ከፍላሹ ያውቃል። ባለ 16 ጊጋ ይዞ የመጣ አንድ ሲዝን ተኩል ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ስለ ፊልሙ መጨረሻ የሚከራከረው በአንድ ሲዝን ተኩል ዕውቀት ነው። ባለ ሁለት ቴራው ሁሉንም ስላስጫነ ምንም አያይም። ሲያስጭን እንጂ ሲያይ የታየ ባለ ሁለት ቴራ የለም።

ለገጣፎን ለማያውቃት፦ ቀን ቀን ባዶዋን ነው የምትውለው። ሰዉ ማለዳ በመገናኛ በኩል አዲስ አበባ ይገባል፣ ማታ በዚያው ሰልፍ ይመለሳል። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲቋቋም ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር በአንድ አስተዳደር ሥር ገብታለች፤ ረዳቱ ግን ዛሬም «ጣፎ! ጣፎ!» ነው የሚለው። ነዋሪው ከየአቅጣጫው የመጣ ስለሆነ የጋራ ዘመድ የለውም፤ የሚያማው የጋራ ሰው አጥቶ ነበር። ሐሜት ያለ ጋራ ትውውቅ አይሠራም። ክፍተቱን የሞላው ሲሪየስ ፊልም ነው። ጃክን፣ ኬትን፣ ሶየርን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ኬት ከማን ጋር እንደዋለች ማታ ጀበና ቡናው ጋ ሲነሣ ድንበርተኛ ጎረቤቱን በስም የማያውቅ ሰው እንኳ አስተያየት አለው።

ጀበና ቡናው ከማስጫኛው ሱቅ ጎን ነው። በርጩማው ላይ የሚቀመጡት ሁልጊዜ ያው ናቸው፦ ጫማው ላይ ሲሚንቶ የማይለቀው የሳይት ኢንጂነር፣ በአካባቢው ያልሸጠው መሬት የሌለ ደላላ፣ አንድ ዲያቆን፣ ከአስፋልቱ ማዶ የሚሰፋ ሙስሊም ልብስ ሰፊ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ (ጋሼ ነው የምንላቸው)፣ እና ፊት ለፊት ያለውን አራተኛ ፎቁ ላይ የቆመ ሕንፃ የሚጠብቅ ዘበኛ። ጫኙ ልጅ ደንበኛ ሲቀንስለት ይቀላቀላል። እሱ እንደ ቤተ መዛግብት ነው፤ ክርክር ሲከር የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ሲመልስ ግን የሚያምነው የለም።

ታሪኩን ላላዩ ባጭሩ ልበል። ከአደጋው የተረፉት ሰዎች የወደቁባት ደሴት ሞቃት ናት፤ የዋልታ ድብ ግን አለባት። ጥቁር ጭስ እየተጠቀለለ መጥቶ ሰው አንሥቶ ይፈጠፍጣል። ሲሳፈር በተሽከርካሪ ወንበር የነበረ ሰውዬ ደሴቷ ላይ በእግሩ ቆሞ ይሄዳል። መሬት ውስጥ በተቀበረ አሮጌ የምርምር ጣቢያ አንድ ስኮትላንዳዊ ተዘግቶ፣ በየ108 ደቂቃው 4፣ 8፣ 15፣ 16፣ 23፣ 42 የሚሉ ቁጥሮችን ኮምፒውተር ላይ ካልመታ ዓለም ትጠፋለች ተብሎ ሲመታ ይኖራል። ሌላው ከደሴቷ ሥር ገብቶ በረዶ የጋገረውን መዘውር ይገፋና ደሴቲቱን ራሷን ከቦታዋ ያነሣታል። ከዚያ ሰዎቹ በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላ ይስፈነጠሩና በፈረንጆቹ 1977 ገብተው የሃይድሮጂን ቦምብ ያፈነዳሉ።

ይህን ሁሉ የእኛ ሰፈር ሰው ያለ አንድ ተቃውሞ ዋጠው። ተቃውሞ ያሰሙት ጋሼ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ስለ ፊዚክሱ አይደለም። «1977 ማለት በእኛ 1969 ነው» አሉ። «ያን ዓመት ስንት ሰው ሊያመልጠው ሲሮጥ እነዚህ በማሽን ተጉዘው ይገባሉ? ጤነኞች አይደሉም።» ከእሳቸው በቀር ደሴት ስትነሣ ዝም ያለው፣ ጭስ ሲገድል ዝም ያለው፣ ሽባ ሲራመድ እሰይ ያለው ተመልካች የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ ሲደርስ ድንገት የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። «ይሄማ በጭራሽ አይታመንም!» ወንጌሉ ትንኟን አጥርተው ግመሉን ስለሚውጡት ሲናገር ሲሪየስ ፊልም ገና አልነበረም።

ዘበኛውን ከዚህ ወቀሳ አወጣለሁ። እሱ ከስድስቱ ሲዝን የወደደው ያን ስኮትላንዳዊ፣ ዴዝሞንድን ነው። ሦስት ዓመት መሬት ውስጥ ተዘግቶ፣ ለምን እንደሚጫን በቅጡ ያላስረዱትን ቁልፍ እየተጫነ፣ ይመጣል የተባለው ተተኪ ሳይመጣለት። «ከፊልሙ ሁሉ እውነት ይሄ ብቻ ነው» ይላል። ባለቤቱ ውጭ አገር ያለ፣ በርና መስኮት ያልገባለት ሕንፃ ነው የሚጠብቀው። የሚሰረቅ ነገር የለውም፤ ሌሊት በየሰዓቱ ዞሮ ፉጨት ማሰማት ግን አለበት። ተረኛው ቀረ፣ እሱ ቀጠለ። ፉጨቱን ቢያቆም ምን እንደሚመጣ አያውቅም። ዴዝሞንድም አያውቅም ነበር፤ አንድ ቀን አቆመና ሰማዩ ሐምራዊ ሆነ። ዘበኛው ይህን ክፍል ካየ ወዲህ ፉጨቱ ጨምሯል።

ደላላው ደግሞ ከዚያ ጣቢያ የወሰደው ቁጥሮቹን ነው። በዚህ ብቻውን አይደለም። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ሜጋ ሚሊየንስ የሚባለው ሎተሪ ሲወጣ ከስድስቱ አራቱ፣ 4፣ 8፣ 15 እና 42፣ ተገጣጥመው ነበር፤ የፊልሙን ቁጥሮች የቆረጡ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ 150 ዶላር በሉ። ቁጥሮቹ ፊልሙ ውስጥ የተረገሙ ናቸው፤ ሎተሪ የደረሰው ሰውዬ ቤቱ ተቃጥሎ፣ አያቱ ሞተውበታል። ደላላው ይህን ያውቃል። «እርግማኑን እንካፈላለን፣ ብሩ መጀመሪያ ይምጣ» ብሎ ወደ ቤቲንግ ቤቱ ይገባል።

ወደ መጨረሻው ልመለስ። የማጠቃለያውን ክፍል በአንድ ቅዳሜ ማታ ሁሉም በየቤቱ ሊያየው ቃል ተገባባ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሊነጋገሩበት። መብራት ደግሞ እንደ ልማዷ በየመንደሩ እየተዘዋወረች ጠፋች። ኢንጂነሩ መጀመሪያውን አጣ፣ ልብስ ሰፊው መሀሉን። ደላላው ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ጨለመበት። በማግስቱ ከሁሉ የከረረ አቋም ይዞ የመጣው እሱ ነው። መጨረሻውን ስላላየው ሐሳቡን የሚያዛባበት ነገር አልነበረም።

«ጃክ ሞተ» አሉት።

«አልሞተም።»

«አየነው እኮ!»

«አክተር አይሞትም» አለ፤ ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ።

ይህ ሕግ የደላላው ፈጠራ አይደለም። በየመንደሩ ቪዲዮ ቤት በነበረበት ዘመን፣ አግዳሚ ላይ ተጣበን ራምቦና ቫን ዳም ባየንበት ጊዜ የጸና ሕገ መንግሥት ነው። ዋናው ጀግና አክተሩ ነው፤ አክተሩ ይቆስላል፣ ይደማል፣ እናቱ ትገደልበታለች፣ ራሱ ግን አይሞትም። ይህን የተላለፈ ፊልም የመግቢያውን ሳንቲም እንደ መስረቅ ይቆጠር ነበር። የህንዶቹ «ሾሌ» በ1967 ዓ.ም. ወጥቶ አሚታብ ባቻንን ሲገድለው ስንት ጎረምሳ እያለቀሰ እንደወጣ የዘመኑ ሰዎች ይነግሩናል። የዚያ ፊልም መጨረሻም የራሱ ጉድ አለው። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ የሠራው፣ ሁለት እጁን የተቆረጠው ሹም ሽፍታውን ጋባር ሲንግን በእግሩ ረግጦ ሲገድለው ነበር። የህንድ ሳንሱር ግን ሕግ በግለሰብ እጅ አይፈጸምም ብሎ አስቀየረው፤ ፖሊስ በመጨረሻዋ ደቂቃ ደርሶ ሽፍታውን አሰረው። ተመልካች መጨረሻ ሲያስቀይር ማየት ብርቅ ነው፤ ሳንሱር ግን ደብዳቤ ብቻ ነው የሚበቃው።

ጫኙ ልጅ እዚህ ላይ ገብቶ አንድ ነገር ተናገረ፦ ጃክ ከመነሻው በክፍል አንድ ላይ እንዲሞት ነበር የታሰበው። እውነቱን ነው። ጸሐፊዎቹ ታዋቂ ተዋናይ አምጥተው፣ ሰዉ አክተሩ ይሄ ነው ብሎ ሲደላደል ወዲያው ሊገድሉት አስበው ነበር፤ ስሙ የተነሣውም ማይክል ኪተን ነው። የጣቢያው አለቆች ግን ተመልካች ከዚያ በኋላ ማንንም አያምነንም ብለው ከለከሉ። ስለዚህ ጃክ ስድስት ዓመት በአመክሮ ኖረ ማለት ነው። ደላላው ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። «አያችሁ? ኤቢሲም ሕጉን ያውቃል!»

አሁን የክርክሩ ሥጋ ያለበት ቦታ ደረስን። በመጨረሻው ክፍል ሁሉም ባለታሪኮች አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይገናኛሉ። የጃክ ሟች አባት መጥቶ ይነግረዋል፦ ሁሉም ሰው አንድ ቀን ይሞታል፣ እነዚህ አንዳንዶቹ ካንተ በፊት፣ አንዳንዶቹ ካንተ ብዙ ቆይተው ሞተዋል፣ ይህ ቦታ እንድትገናኙ በጋራ ያበጃችሁት ነው። ማለትም ስድስተኛው ሲዝን ላይ ጎን ለጎን ሲታይ የነበረው፣ አውሮፕላኑ ሳይወድቅ ሁሉም በሰላም ሎስ አንጀለስ የገባበት ሕይወት፣ ከሞት በኋላ ያለ ማረፊያ ነበር። ጃክ እዚያም ሐኪም ነው። አጭበርባሪው ሶየር ፖሊስ ሆኗል።

ዲያቆኑ ሲኒውን አስቀመጠ። «ይሄ የካቶሊክ ነው» አለ። «በእኛ ነፍስ ከሥጋ ከተለየች ወይ ገነት ወይ ሲኦል ሆና ዳግም ምጽአትን ትጠብቃለች። ከሞተ በኋላ ሥራ ተቀጥሮ ደሞዝ የበላ ሰው በየትኛውም ድርሳን አልተጻፈም።»

«በእኛም የለም» አለ ልብስ ሰፊው። «በርዘኽ አለ፤ ከሞት እስከ ቂያማ። ግን ማንም እዚያ ፖሊስ አይቀጠርም።»

ሁለቱ ሰዎች በሌላ ነገር ሁሉ ተከራካሪ ናቸው፤ በእግር ኳስ እንኳ አይስማሙም። የሁለት ሃይማኖት ሊቃውንት በአንድ ቃል የተስማሙበት ጉባኤ ቢኖር ያን እሑድ ነው፤ የተወገዙት ዴመን ሊንደሎፍና ካርልተን ኪዩዝ የተባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ ጸሐፊዎች ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ መስታወት ላይ መስቀልም፣ ጨረቃና ኮከብም፣ የዳዊት ኮከብም፣ የሂንዱና የቡድሃ ምልክትም መኖሩን ጫኙ ልጅ ፊልሙን አቁሞ አሳያቸው። ሁሉንም ለማስደሰት የተሠራ መስታወት ነበር። «ሁሉንም የሚያስገባ በር መዝጊያ የለውም» አለ ዲያቆኑ።

ሆኖም የልብስ ሰፊው ዋና ቅሬታ ሥነ መለኮት አልነበረም። ሰዪድ ነው። ሰዪድ ኢራቃዊ ነው፤ በፊልሙ ሙሉ ከልጅነቱ የሚያውቃትን ናድያን ሲፈልግ ኖሯል። ከደሴቷ ወጥቶ አገኛት፣ አገባት፣ ተገደለችበት። ታዲያ በመጨረሻው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማን ጎን ተቀመጠ? ደሴቲቱ ላይ ለጥቂት ሳምንት የወደዳት ሻነን ጎን! «ኒካህ ያሰረላት የት ሄደች?» ብሎ ልብስ ሰፊው መቀሱን መሬት ላይ ወረወረ። «ሰውዬው ቤተ ክርስቲያን መግባቱን ልለፈው፣ ለቅሶ ላይ እኛም እንገባለን። ሚስቱን ግን!» በዚህ ጉዳይ አሜሪካኖቹም ከእሱ ጋር ናቸው፤ ያን ጊዜ ብዙ ተመልካች የጠየቀው ይህንኑ ነው። በኒካሁ በኩል የመጣበት ግን ልብስ ሰፊው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጋሼ ደግሞ ናይጄሪያዊውን አነሡ። ቄስ ሆኖ ዱላ የያዘው ኤኮ ሦስተኛው ሲዝን ላይ ሞተ፤ በመጨረሻው ጉባኤ የለም። ጥቁሩ ማይክልና ልጁ ዋልትም የሉም። «የአፍሪካ ኅብረት ያለው እዚህ አፍንጫችን ሥር ነው፤ ዝም ብለን እንለፈው?» አሉ። ኢንጂነሩ ሳቀ፤ ጋሼ ግን አልሳቁም።

በዚህ ሁሉ መሀል ዲያቆኑ ያመሰገነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ክፉው ቤን። ቤን ብዙ ሰው ገድሏል። ሌሎቹ ሁሉ ሲገቡ እሱ ገና አልጨረስኩም ብሎ ውጭ አግዳሚ ላይ ቀረ። «ንጹሕ አይደለሁም ብሎ ቅጽር ላይ የቆመ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ፈረንጅ ሥርዓት ያወቀ እሱ!» እኔ ስለዚህ ፊልም ብዙ ትንታኔ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም።

የቀረው ትልቁ ጥያቄ ነው። ሰዎቹ ከመጀመሪያውኑ አውሮፕላኑ ሲወድቅ ሞተው ነበር ወይስ አልሞቱም? ኢንጂነሩ «ሞተው ነበር» ከሚሉት ነው፤ ማስረጃ አለው። ፊልሙ አልቆ ስም ሲዘረዘር ባዶ የባሕር ዳርቻ ላይ የአውሮፕላኑ ስብርባሪ ብቻ ይታያል፤ ሰው የለም። ይህን አይቶ «ማንም አልተረፈም፣ ሁሉም ቅዠት ነበር» ያለው ኢንጂነሩ ብቻ አይደለም፤ እዚያው አሜሪካ ስንቱ በዚህ ተሳስቷል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ያን ምስል የጨመሩት ጸሐፊዎቹ ሳይሆኑ ጣቢያው ነው። ከፊልሙ ወደ ዜና ሲሻገሩ ሰዉ ትንፋሹን እንዲሰበስብ ብለው የድሮ ቀረጻ ለጠፉበት፤ በኋላም የታሪኩ አካል አይደለም ብለው ተናገሩ። ስድስት ዓመት የተለፋበትን ታሪክ ትንፋሽ መስጫ ተብሎ የተለጠፈ ስብርባሪ አፈረሰው።

ጫኙ ልጅ ይህን ሁሉ አስረዳ። ጸሐፊዎቹ በአንደበታቸው «አልሞቱም፣ ደሴቷ ላይ የሆነው ሁሉ በእውን የሆነ ነው» ማለታቸውንም ነገራቸው። ዝም ተባለ። ከዚያ ኢንጂነሩ ጎርፎ የተቀዳለትን ቡና አንድ ፉት ብሎ፣

«ጸሐፊው ጽፎታል እንጂ አልገባውም» አለ።

ሊንደሎፍ እንዲህ ያለውን ፍርድ ከሦስት ዓመት በላይ በትዊተር ሲሰማ ቆይቶ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ገጹን ዘግቶ ወጣ። ለገጣፎን ባለማወቁ ዕድለኛ ነው። ቅር ያለው ተመልካች ድሮም ምሕረት አያውቅም። አርተር ኮናን ዶይል በ1893 እ.ኤ.አ. ሸርሎክ ሆምስን ገደል ውስጥ ሲጥለው አንባቢዎቹ የመጽሔቱን ደንበኝነት እየሰረዙ ወጡ፤ ሰውዬው አሥር ዓመት ተከራክሮ በመጨረሻ ሟቹን ከገደል አወጣው። በ2011 ዓ.ም. «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ሲያልቅ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የመጨረሻው ሲዝን እንደገና ይሠራልን ብሎ ፈረመ። እኛም «ሰው ለሰው» በሚታይበት ዘመን አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ምን ይፈረድበት ብለን በየቡና ቤቱ ችሎት አስችለን ነበር። አንድ ሰው ብቻ ነው ያመለጠን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ በዛብህንም፣ ሰብለንም፣ ጉዱ ካሣንም ጨርሰው አንድ መቃብር ውስጥ ሲከቷቸው አገሩ አለቀሰ እንጂ መጨረሻው ይቀየርልን ያለ አልተሰማም። ሽፋኑ ላይ «መቃብር» ብለው አስቀድመው ስላስጠነቀቁ ይሆናል።

የኢንጂነሩ ቁጣ ግን ከሌሎቹ ለየት ያለ ነው፤ ምክንያቱን ዘግይቼ ነው የደረስኩበት። «ሎስት» በቴሌቪዥን ዓለም ያልተለመደ ነገር የተደረገለት ፊልም ነው። ሚያዝያ 1999 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጸሐፊዎቹና ጣቢያው ተስማምተው የሚያልቅበትን ጊዜ አስታወቁ፤ 48 ክፍል ይቀራል፣ በሦስት ዓመት ያልቃል ብለው። እንደተባለውም በሦስት ዓመት አለቀ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ተሰጥቷቸው፣ ዲዛይኑ በእጃቸው እያለ፣ እንዲህ ያለ ፊኒሺንግ?» ይላል ኢንጂነሩ። ሲናገር እጁ ወደ ሰሜን ይጠቁማል። እዚያ በአሥራ ስምንት ወር እናስረክባለን ተብሎ ቅድሚያ ክፍያ የከፈለበት አፓርትመንት አለ። ውሉ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ሕንፃው የባሕር ዛፍ ርብራቡን እንደለበሰ ፌሮው ወደ ሰማይ ቀርቷል። ወደ ቢሮው ሲሄድ «በቅርቡ» ይሉታል፣ እሺ ብሎ ይመለሳል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው የለም። ለአሜሪካኖቹ ግን አንዲት ቀን አይታገሥም።

ለነገሩ መጨረሻ ድንገት ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣም ይህች ከተማ ታውቃለች። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ሕገ ወጥ የተባሉ ብዙ ቤቶች በዶዘር ሲፈርሱ ዕቃቸውን ሜዳ ላይ ደርድረው የተቀመጡትን ያየ ሰው አይረሳውም። ቡናው ጋ ይህን የሚያነሣ የለም። የጃክን ያነሣሉ።

በዚህ ሳምንት ነገሩ ወደ አዲስ ምዕራፍ ተሸጋገረ። ነቀፋው ሲሰለች እያንዳንዱ የራሱን መጨረሻ ማቅረብ ጀመረ። የዲያቆኑ መጨረሻ ላይ ጃክ ንስሐ ገብቶ ይመነኩሳል። ልብስ ሰፊው ሰዪድን ለናድያ መለሰ፤ ሻነንን ደግሞ ለወንድሟ አስረከባት። ወንድሟ የእንጀራ እናቷ ልጅ እንደሆነና እሷን እንደሚወዳት ሲነግሩት ያቀረበውን ወዲያው አነሣ። የጋሼ መጨረሻ ኤኮን የደሴቷ ገዥ ያደርጋል። ዘበኛው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ለዴዝሞንድ ተተኪ ይምጣለት፣ የሦስት ዓመት የትርፍ ሰዓቱም ይታሰብለት። ቡና አፍይዋ እኅታችን ከድስትና ከጀበና መሀል ቆራርጣ ነው ያየችው። «ሁላችሁም ስለ ሰዎቹ ታወራላችሁ፤ ውሻው ምን በልቶ ነው እስከ መጨረሻው የደረሰው?» አለች። ስድስት ሲዝን የተመለከተ ማንም መልስ አልነበረውም።

ደላላው የመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። በእሱ መጨረሻ አክተሩ አልሞተም፣ ማንም አልሞተም። በእውነተኛው ፊልም ደሴቷን የሚረከበው ወፍራሙ ሀርሊ ነው፤ ቤን ምክትሉ ይሆናል። ደላላው ይህን አልቀየረም፤ ሀርሊ ግን በዚያ ሁሉ መሬት ብቻውን ምን ያደርጋል? ባለ 500 ካሬ እየተሸነሸነ ይሸጣል። ባሕር ዳር የሚገጥመው ውድ ነው፣ የጭሱ መውጫ አካባቢ ያለው ትንሽ ይቀንሳል። ኮሚሽን ከሻጭም ከገዥም ሁለት ሁለት ፐርሰንት።

እዚህ ላይ ሰውነቱን ሰብስቦ የተነሣው ኢንጂነሩ ነው። የሚቃወም መስሎን ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ። «መሬቱ ሊዝ ነው ወይስ ነባር ይዞታ?»

«ነባር ይዞታ ነው እንጂ! ያዕቆብ የሚሉት ሰውዬ ሁለት ሺሕ ዓመት ኖሮበት!»

«ካርታ አለው?»

«ካርታ ባይኖረውም ግብር ከፍሎበታል።»

«ለማን? በየትኛው ክፍለ ከተማ?»

ዲያቆኑም ልብስ ሰፊውም በርጩማቸውን አስጠጉ። ዘበኛው ጥበቃውን ትቶ መጣ። ጋሼ የከተማ ቦታ አዋጁን እያስታወሱ ደሴት በከተማ ክልል ውስጥ ይቆጠራል አይቆጠርም ማለት ጀመሩ። መዘውር ተገፍቶ ቦታውን የለወጠ ይዞታ ካርታው ይመክናል ወይስ አብሮት ይሄዳል የሚለው ሲነሣ የመጨረሻው ታክሲ ወደ መገናኛ አለፈ። እኔ ሒሳቤን ከፍዬ ስነሣ ነባር ይዞታ የሚሉት በአንድ ድምፅ እየመሩ ነበር።